ሲሳይ ያልነገረኝ መልስ

አሁን ጥርሴም ተማሪዬም ያለቀብኝ ሽማግሌ ነኝ። ላሊበላ፣ ከልጄ ቤት ደጃፍ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ አላፊ አግዳሚውን በቃላት ጨዋታ ሳሰለች እውላለሁ። የሰፈሩ ሰው ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። አልፈርድበትም፤ እኔም ራሴን ባገኘው መንገድ እቀይር ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ግን ለጨዋታ አይደለም። ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ያን ጊዜ ሙጃ በምትባል የተራራ ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ሹፌሮች ስለ ወደብ ሲነሣባቸው ፊታቸው ገና ይጠቁር ነበር። እኔ ለዚህ ሁሉ ደንታ አልነበረኝም። ጋዜጣ የማነበው ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ነው፤ መስቀለኛ ቃላት የሚወጣው እዚያ ነውና። መንግሥት ቢገለበጥ እንኳ የምሰማው «ወደ ታች» ያሉትን ጥያቄዎች ከጨረስኩ በኋላ ነበር።

የጨዋታው አዘጋጅ ማን እንደሆነ አላውቅም። ተንኮለኛ መሆኑን ግን አውቃለሁ። እንደ ሌሎቹ «የዓባይ ገባር ወንዝ» ብሎ በቀጥታ አይጠይቅም። «ከአንገትህ በላይ ያለውን ብትገለብጠው እንጀራ ትበላበታለህ» ይልና ሁለት ባዶ ቤት ይሰጥሃል። ቀኑን ሙሉ ትቆዝማለህ። ማታ እግርህን ስትታጠብ «ራስ» ተገልብጦ «ስራ» እንደሚሆን ብልጭ ይልልህና ውሃውን ደፍተህ ወደ ጋዜጣው ትሮጣለህ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና፣ «እኔን ከማግባትህ በፊት ይሄ ወረቀት እንዳለብህ ሽማግሌዎቹ አልነገሩንም» ትለኝ ነበር።

ጋዜጣውን ከወልድያ የሚያመጣልኝ ሲሳይ ነው። ሲሳይ የሙጃ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሠላሳዎቹን የጀመረ ጎልማሳ ነበር። ክፋቱ እሱም ይጫወታል። ጋዜጣው እጄ ሲገባ ሁልጊዜ አንድ መልስ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ሆን ብሎ ስሕተት ይጽፍና፣ እኔ በእሱ ላይ ተመሥርቼ ግማሹን ገጽ ሳበላሽ እሰነብታለሁ።

«እንዴት ነው መምህር፣ ገባልዎት?» ይለኛል ሲመለስ፣ ጥርሱን ሳያሳይ ፈገግ ብሎ።

«አንተ ሌባ፣ ስምንት ወደ ጎን ላይ ምንድነው የጻፍከው?»

«እኔ መሪ ነው የምጨብጠው። ፊደሉን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

ወዳጅነታችን ይኸው ነው። እናቱ እማማ ትርንጎ ጎረቤቴ ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

ዕለቱ ሐምሌ ሥላሴ ነበር። እኔ የታመመ ጥርሴን ላሊበላ ሄጄ ላስነቅል፣ ሲሳይ ገብስ ሊያደርስ፣ ማለዳ ተነሣን። ጋቢና ውስጥ ሦስት ነን፤ በመካከላችን እቴ ዘይነባ አለች፣ በርበሬና ጨው እያዞረች የምትሸጥ ነጋዴ፣ በዕድሜ ከሁላችንም ታላቅ። ረዳቱ አበጀ ከላይ ገብሱ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጭጋጉ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ሲሳይ አንገቱን አስግጎ፣ እንደ ድመት እየዳበሰ ነው የሚነዳው።

«በሥላሴ መንገድ አይወጣም ብላኝ ነበር እናቴ» አለ።

«ታዲያ ምነው ወጣህ?» አለችው ዘይነባ።

«የመምህር ጥርስ በዓል አያከብርም።»

የሳቅን ይመስለኛል። ቀጥሎ የማስታውሰው የግራው ጎማ ስር ያለው ጠርዝ ሲንሸራተት ነው። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ዝናብ የጠጣ አፈር ነው፤ እንደ እርሾ ለቀቀ። ሲሳይ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፣ መኪናው ግን ምክሩን አልሰማውም። በግራ ጎኑ ቀስ ብሎ ተኛ፣ ከዚያ ተንከባለለ፣ ከዚያ ከታች ካለው እርከን ላይ በግራ ጎኑ ቆመ።

እኔና ዘይነባ በሲሳይ ላይ ተከምረናል። ወደ ሰማይ በዞረው በቀኙ መስኮት እየተጎተትን ወጣን። እኔ ግንባሬ ተላጠ፤ እሷ ክንዷ አበጠ። አበጀን መኪናው ማሳ ውስጥ ወርውሮት ስለነበር ጭቃ ለብሶ፣ ምንም ሳይሆን መጣ። ሲሳይ ግን አልወጣም። የጋቢናው በር ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ከወገቡ በታች ከመሬቱና ከመሪው መካከል ይዞታል። የፊት መስታወቱ ረግፎ ስለነበር ከፊት ለፊቱ ተንበርክከን ፊቱን ማየት፣ እጁን መያዝ እንችላለን። መጎተት ግን አንችልም። ሞከርን። ያወጣው ድምፅ አስቆመን።

«ክሪኩ የት አለ?» አልኩት አበጀን።

«ክሪኩ ከመኪናው ሥር ነው ጋሼ። መኪናውን ለማንሣት ክሪክ፣ ክሪኩን ለማግኘት መኪናውን ማንሣት ነው።»

ሲሳይ ከሥር ሆኖ፣ «ይቺን አዘጋጁ ቢያገኛት» አለ።

አበጀ ሰው ሊጠራ ወደ ላሊበላ ሮጠ። ችግሩ ሥላሴ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ማሳው ሁሉ ገበሬ ነው፤ አንድ ጊዜ ኡኡ ብትል ከየእርከኑ ሰው ይፈልቃል። በበዓል ግን ሰው ሁሉ ላይኛው ደብር፣ ከተራራው ጀርባ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላም ዝክሩን ሳይጨርስ አይወርድም። ዘይነባ ወደ መንገዱ ወጥታ ጮኸች። ጭጋጉ ድምጿን ዋጠው።

ተመልሳ መጥታ ሲሳይን ስታየው ዓይኑ እየከበደ ነው። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«እንቅልፍ እንዳይወስደው። ወንድሜ ከገደል ሲወድቅ ትንሽ ልተኛ ብሎ ነው ሳይነሣ የቀረው። አንተ መምህር ነህ፣ አናግረው።»

እኔ፣ ክፍል ውስጥ ደወል ተደውሎም አፌ የማይዘጋው ሰውዬ፣ «አይዞህ» አልኩ። «አይዞህ» ደገምኩ። ሲሳይ ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ ከዳሽቦርዱ የረገፈው ዕቃ መካከል ጋዜጣው ታየኝ፤ ከወልድያ ያመጣልኝ፣ ገና ያልሰጠኝ። ሰማያዊው እስክሪብቶ እንደ ተሰካበት ነው።

«ሲሳይ» አልኩት፣ «ዛሬ የትኛዋን ነው ያበላሸህብኝ?»

አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ገና አልጀመርኩትም። መንገድ ላይ ነበርኩ።»

«እንግዲያው እንጀምር። አንድ ወደ ጎን። ‘ከቀፎ ቆርጠህ ገልብጣት፤ መላእክት ይኖሩባታል።’ ሁለት ፊደል።»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ማር» አለ። «ማር… ርማ… ራማ። ርን ራ አድርጎ አጭበረበረን።»

«ራማ ምንድነው?» አለች ዘይነባ።

«መላእክት ያሉበት ሰማይ ነው።»

«አሁን ስለ ሰማይ ማን ጠየቀህ? ስለ ምድር ጠይቀው።»

ጻፍኩት። ወረቀቱ በጭጋጉ ስለ ረጠበ ራማ ፈረሰች። ሁለተኛውን አነበብኩ፦ «የሰማ ሰው ቢመለስ አፈር ጫረ።» ሲሳይ ረጅም ጊዜ ታገለው። ዓይኑ ግን ክፍት ነው፤ የምፈልገውም እሱን ነው። «ፍንጭ ይስጡኝ» ቢለኝ አልሰጥም አልኩ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ መልስ ያገኘ ሰው ይተኛል፣ መልስ የጎደለው ሰው አይተኛም። በሕይወቴ ሙሉ ተማሪ ሳስተኛ ኖሬ ይህን የተማርኩት እዚያ እርከን ላይ ነው።

«አልቻልኩም» አለ በመጨረሻ።

ዘይነባ ቀልጠፍ አለች። ማንበብ አትችልም፤ እንቆቅልሽ ግን የሚያህላት የለም። «የእናንተ እንቆቅልሽ አገር የለውም እንዴ? ያልቻለ አገር ይሰጣል።»

«ኮምቦልቻን እንቺ» አላት ሲሳይ።

«ኮምቦልቻ ገብቼ፣ ባለ ፎቅ ተከራይቼ፣ እኔ ሥጋ ስበላ አንተ አጥንት ስትጠብቅ፣ ሰማ ቢመለስ ምን እንደሚሆን እንኳ የማያውቅ ሹፌር!» ብላ ሰደበችው፣ እንደ ደንቡ። ሲሳይ ሳቀ፤ ሳቁ ደግሞ አመመውና አቃሰተ። «ማሰ ነው» አልኩት፣ «ሰማ ተገልብጦ ማሰ።» ማሰ ቆፈረ መሆኑን ስነግራት ዘይነባ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። ያ አዘጋጅ የዚያን ዕለት የማን ወገን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንዲህ ቀጠልን። ሲሳይ ሲፈታ እጽፋለሁ፤ ሲያቅተው አገር ይሰጣል። የሚሰጠው የሚያውቀውን ነው፤ በመኪናው የገባበትን፣ ሽንጡ እስኪያብጥ የነዳበትን። ደሴን ሰጠ፤ ጦሳ ተራራ ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚሸት እየነገረን። ባቲን ሰጠ። ሚሌን ሰጠ፤ «ሙቀቱንም አብረሽ ውሰጂ» ብሎ። ከዚያ አሰብን ሰጠ።

«አሰብማ የሰው አገር ናት» አለች ዘይነባ። «የሌለህን አትስጥ።»

«ስነዳባት የእኔ ነበረች። ደግሞም ስትሄድ እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

«እንግዲያው ሙጃን ስጠኝ።»

«ሙጃን አልሰጥም» አለ፣ ቀኑን ሙሉ ካሰማው በጠነከረ ድምፅ። «እናቴን የት ላድርጋት?»

ጥያቄዎቹ እያለቁ ነው። ይህን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ገጹን ከእሱ ወደ ራሴ አዞርኩና እንደ ክፉ ዘመን ሽሮ መቆጠብ ጀመርኩ። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነባለሁ፤ ባዶ ቤቶቹን አስቆጥረዋለሁ። አንድ የራሴን ጥያቄ ልፍጠር ብዬ ስለ በግና ስለ በር የሆነ ነገር ቀባጠርኩ። «መምህር፣ ይሄን ከማዳምጥ መኪናው ይሻላል» አለኝ።

አንዷን ጥያቄ ግን ዘለልኳት። ሲሳይ ግንባሩ ላብ አለው፤ እጁ ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እግሩ ይሰማው እንደሆነ ዘይነባ ስትጠይቀው፣ «የማን እግር?» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ከተዋወቅን ጀምሮ ‘እርስዎ’ ብሎኝ የሚያውቀው ሰው፣

«አንተ፣ ስድስት ወደ ታች የት ገባች?» አለኝ።

«የታለች? የለችም።»

«ከአምስት ወደ ሰባት ሄድክ። አንብባት።»

አነበብኩለት፦ «መሪ ጨብጦ ሄደ፤ ሲመለስ ተረፈ። ሁለት ፊደል።»

ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። «ነዳ» አለ። «ነዳ፣ ዳነ።» የመኪናውን ጣሪያ አየ። «ይቺን የጻፋት ሰው ሹፌር አይደለም።»

ዘይነባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ «ዳነ» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ የጻፍኩት ከባዱ ቃል እሱ ነው።

የቀረችን አንዲት ብቻ ናት። ከጫፍ ለብቻዋ ያለች፣ ከሌላ ቃል ፊደል የማትዋስ። እኔም ራሴ መልሷን አላውቀውም። «ሲሰጡት አይጎድልም፤ ቢነፍጉትም አይጠራቀምም። አራት ፊደል።»

«እውቀት» አልኩ፣ ከመምህርነት ኩራት የተነሣ።

«እውቀትማ ሲነፍጉት ይጠራቀማል» አለ ሲሳይ። «አንተን እያየን።»

በዚህ ደረጃ ከተሰደብኩ ገና ጤነኛ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ዘይነባ ደነገጠች። «እያሰብኩ ነው፣ አብሽሪ» አላት። ጭጋጉ መነሣት ጀምሯል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ከላይ ከተራራው ጥግ ድምፅ ተሰማ። አበጀ መንገድ ላይ ያገኛት አንዲት ሴት ወደ ደብሩ ወጥታ ነግራ፣ ሰዎቹ ዝክሩን ጥለው ወርደዋል። ነጭ ለብሰው፣ የባሕር ዛፍ ወራጅና የደብሩን የደወል ገመድ ተሸክመው፣ ቄሱ ከፊት።

ወራጆቹን ከመኪናው ሥር አስገቡ። በበዓል ቀን ሸክም የማይነካ ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰጠ። ቄሱ መስቀላቸውን ለዘይነባ አስይዘው እሳቸውም ገቡ። እኔ ሲሳይን ከብብቱ እንድይዘው ተደረገ። ፊቱ ከፊቴ ሥር ነው።

«አገኘኋት» አለኝ።

«ምኗን?»

«አራት ፊደሏን።»

«ምንድናት?»

በዚያ ፊት ላይ፣ በዚያ ቀለሙ በተገፈፈ ከንፈር ላይ፣ የማውቃት ጥርስ የማታሳይ ፈገግታ መጣች። «ስወጣ እነግርሃለሁ። ቀኑን ሙሉ መልስ ይዘህ ያላስተኛኸኝ አንተ ነህ። አሁን ተራው ያንተ ነው።»

«ያ ሥላሴ» አሉ ሰዎቹ፣ ወራጆቹ ጮሁ፣ መኪናው ክንድ ያህል ተነሣ። ጎተትኩት። እንደ ሕፃን ቀሎ ወጣ። ጋቢ ላይ አስተኛነው። ዘይነባ እልል አለች። ሰዎቹ ተቃቀፉ። ሲሳይ አየሩን በረጅሙ ሳበ፤ «እፎይ» አለ፤ በደንብ ሰማሁት። ውሃ እንዲያመጡለት ፊቴን አዞርኩ።

ስመለስ እጁ ደረቱ ላይ ነው። ግራ የገባው ሰው ይመስላል፤ አንድ የማያውቀው ሰው በስሙ የጠራው ዓይነት። አፉን ከፈተ። ደጋግመን ጠራነው። ቄሱ ጎንበስ ብለው ካዩት በኋላ መስቀላቸውን ከዘይነባ እጅ ተቀበሉና ጸሎቱን ጀመሩ። እሷ ያሰማችው እልልታ ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ላሊበላ የመጣ ሐኪም አስረዳኝ። ለረጅም ሰዓት የታፈነ ሥጋ ውስጥ መርዝ ይጠራቀማል፤ ሸክሙ ድንገት ሲነሣለት ያ ሁሉ ወደ ልብ ይፈሳል። ሐኪም ቤት ባለበት ቢሆን በመርፌና በመድኃኒት ቀስ ተብሎ ነበር የሚወጣው። «ያን ጊዜ እዚያ ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር» አለኝ። ለማጽናናት ነው ያለው። እኔ ግን የማስበው እነዚያን ነጭ የለበሱ ሰዎች ነው፤ ጌታን አመስግነው፣ ትከሻቸው ደምቶ፣ ደስ ብሏቸው የቆዩባትን ያቺን አንዲት ትንፋሽ ጊዜ። ለአንዳቸውም አልነገርኳቸውም።

ሙጃ ከቀበርነው በኋላ በሦስተኛው ቀን እማማ ትርንጎ ከሐዘንተኛው መካከል ጠሩኝ። ለእናት የሚነገር የተከበረ ወሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሥላሴን ጠራ፣ ስምዎን ጠራ የሚል። ዓይኔን ሲያዩኝ አልሆነልኝም። እንዳለ ነገርኳቸው።

«እስከ መጨረሻ ያንን ስትጫወቱ ነበራችሁ?»

«አዎ።»

«ፈታው?»

«አገኘኋት አለኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ስወጣ እነግርሃለሁ አለ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መሬቱን ትንሽ ካዩ በኋላ፣ «እስቲ ጥያቄዋን ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩ። በቃላቸው እስኪይዟት አስደገሙኝ።

የሚቀጥለው ጋዜጣ በሌላ ሹፌር እጅ መጣ። መልሱ ታትሟል፤ «ሰላምታ» ይላል። ልክ ነው፣ አራት ፊደል ነው፣ ይገባል። ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። «ይሄ የጋዜጣው ነው» አሉኝ። «የልጄን ነው የጠየቅሁህ።»

አድማጮቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠህ ትሉኝ ይሆናል። ጥበብ አላስገኘልኝም፤ ፊቴን አይታችሁ ባትጠብቁ ይሻላል። አንድ ልማድ ግን ጥሎብኛል። መልስ ይዤ መቆየት አልችልም። ያገኘሁትን ወዲያው እናገራለሁ፤ ብቻዬን ብሆን ለግድግዳ። ቅዳሴ መካከል አንዴ «ማንኪያ!» ብያለሁ። ልጄ «አባባ ጃጀ» ትላለች፤ ትበል። እናንተም ለሰው የያዛችሁት ቃል ካለ፣ ነገ በተረጋጋሁ ጊዜ እነግረዋለሁ ብላችሁ አታቆዩት። ይህ ምክር አይደለም፤ ልመና ነው።

እማማ ትርንጎ ግን ፈላጊ ሆኑ። ማንበብ አይችሉም፤ ፊደልን በጣት መቁጠር አስተማርኳቸው። እንጨት እየሰበሩ፣ እህል እየለቀሙ ያቺን ጥያቄ ያላምጧታል። በአጥር ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «መምህር፣ እሳት ይሆን? ለጎረቤት ጭሬ ብሰጥ የእኔ አይጎድልም» ይሉኛል። «ሦስት ፊደል ነው፣ እማማ።» በሌላ ጊዜ፣ «ጥላስ?» «ሁለት ነው።» «እንግዲያው ሁለት ጊዜ በላታ።» እንዲህ ስንባባል ዓመታት አለፉ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ላሊበላ ልጄ ቤት ገባሁ፤ እሳቸው አልጋ ያዙ።

ልጠይቃቸው ወደ ሙጃ የሄድኩ ዕለት ድምፃቸው ደክሟል። ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ እጃቸውን አወጡ፤ ፊደል ሲጠሩ አንድ አንድ ጣት ያጥፋሉ።

«ም» አሉ። «ር። ቃ። ት።» አውራ ጣታቸው ብቻ ቀረች። «ምርቃት። ሲሰጡት አይጎድልም፣ ቢነፍጉትም አይጠራቀምም። ልጄ ያገኛት ይቺን ነው። ልክ ነኝ?»

ሲሳይ ምን እንዳገኘ አላውቅም። ማንም አያውቅም፤ አይታወቅምም።

«ልክ ነዎት» አልኳቸው። «ጋዜጣው ነው የተሳሳተው።»

«አውቄዋለሁ» አሉ፣ ጣቶቻቸውን ሳይዘረጉ።